መብራት ጠፍቶ ሲመጣ

አርባ ምንጭ ላይ ፊልም ለማየት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ፊልም አለ?» ብሎ አይደለም፤ «መብራት አለ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ስንቱን ሲያስመርር እኔን የፊልም ሐያሲ አድርጎኛል። ጥሩውን ፊልም ከመጥፎው የምለይበት መስፈርት የሰጠኝ የመብራት መጥፋት ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። በቴሌቪዥን ፊልም እያየህ መብራቱ ጠፍቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ምን እንዳመለጠህ ተመልከት። ጀግናው መብራቱ ሲጠፋ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየዘለለ ነበር፤ ሲመጣም እየዘለለ ነው። ሲፈርስ የነበረው ከተማ ገና ፈርሶ አላለቀም። ምንም አልቀረብህም። የወንጀል ድራማ ከሆነ ግን በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ አንዲት ሴት የሟቹ ስም ሲነሣ ስኒዋን ከአፏ ሳታወርድ ቆይታ ይሆናል። ያቺን ያላየ ሰው ተነሥቶ ቤቱ ቢገባ ይሻለዋል።

ቪዲዮ ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ትርጉም ፊልም ከሆነ ተራኪው ከፍንዳታው በላይ ይጮሃል፤ ፍንዳታው ከተራኪው በላይ ይጮሃል፤ ውጭ የተተከለው ጄኔሬተር ሁለቱንም ያስንቃል። ማሰብ አይፈቀድልህም። ክፉው ሰውዬ ገና በሩን ሳይከፍት ተራኪው ክፋቱን ዘርዝሮ ጨርሷል። አሜሪካኖቹ እነዚህን ፊልሞች የሚያወጡት በነሱ በጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሕዝቡ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቀዝቃዛ አዳራሽ ሲፈልግ ነው አሉ። የኛ አዳራሽ ቆርቆሮ ስለሆነ ሙቀቱን ከነፊልሙ በአንድ ትኬት ይሰጥሃል።

የሚገርመው፣ የዚህ ሁሉ ጩኸት አባት ተብሎ የሚጠራው ፊልም ጯሂ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ» ነው። ለፊልሙ የተሠራው የሻርክ ማሽን ጨው ውሃ ሲነካው እየተበላሸ አስቸገረ። ዳይሬክተሩም መላ ሲያጣ ሻርኩን ደበቀው። ተመልካቹ ከአንድ ሰዓት በላይ በአብዛኛው ውሃ ብቻ እያየ ወንበሩን ጨብጦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ከዚህ ፊልም የወረሱት ገቢውን ነው። ማሽኑ ስለማይበላሽባቸው አውሬውን ከመጀመሪያው ደቂቃ ከነጥርሱ ያቆሙልናል።

የተደበቀ አውሬ ከሚታየው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ለአርባ ምንጭ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞዎቹ ተሰብስበው ወደሚታዩበት «አዞ ገበያ» በጀልባ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳር ላይ አፉን ከፍቶ የተጋደመው አዞ ለፎቶ ነው። ጀልባ ነጂው በጣቱ እያሳየ ይቀልድበታል። ቀልዱን የሚያቆመው አዞው ወደ ውሃው ሸርተት ብሎ ሲሰወር ነው።

የ«ሰው ለሰው» የቴሌቪዥን ድራማው ክፉ ሰው አስናቀም እንደተሰወረው አዞ ነበር። ድራማው በኢቲቪ ይታይ በነበረባቸው ዓመታት እኖርበት በነበረው ግቢ ቴሌቪዥን ያላቸው አከራያችን እማማ ብቻ ስለነበሩ፣ ረቡዕ ማታ ተከራዩ ሁሉ ሳሎናቸው ውስጥ ይታጨቃል። አበበ ባልቻ በአስናቀ ተመስሎ ብቅ ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሰውዬው ሲቆጣ ሳይሆን ሲረጋጋ ነበር የሚያስፈራው። እማማ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ «አንተ ልጅ፣ ተነሥና በሩን ቀርቅረው» ይሉኛል፤ የራሳቸውን የግቢ በር! ሰውዬው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ አርባ ምንጭ ለመድረስ ቢያንስ አንድ ቀን እንደሚፈጅበት ባስረዳቸውም አልተቀበሉኝም።

ሐሙስ ጠዋት ምርመራ ነው። የምርመራው ቢሮ የቧንቧው ወረፋ ነበር (በምንጮች ስም በተጠራ ከተማ ውስጥ የውሃ ወረፋ ምን ያደርጋል ለሚለው ሌላ ወግ ያስፈልጋል)። ጀሪካን የያዘው ሁሉ ተጠርጣሪ አለው፤ ማስረጃ ግን የለውም። ድራማው ወደ ማለቂያው ሳያስፈልግ ተለጥጧል፣ እውነት ነው። ቢሆንም ሕንፃ የሚያፈርስ ፊልም አይቶ በማግስቱ ስለ ሕንፃው ሲከራከር የዋለ ሰው አልገጠመኝም።

ነገሩ ሲታሰብ የዚህ አገር ሰው ለምርመራ አዲስ አይደለም። በጋሞ ደጋ በባህሉ መሠረት ቤተሰብ ላይ በሽታ ሲደጋገም፣ ሰብል እምቢ ሲል፣ ላም ስትመክን «ማን ምን አጠፋ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጎሜ ነው፤ ክልክል የሆነውን የጣሰ አለ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ካዩት ጉዳት ተነሥተው ወደ ኋላ ይመረምራሉ። ስንት መርማሪ ደራሲ ከሬሳ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድበትን መንገድ ጋሞ ከመከነች ላም ተነሥቶ ይሄድበታል። ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሸንጎ ላይ ነገር ሲታይ ደግሞ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ከላይ የሚጮህ ተራኪ የለም። መጨረሻው ጥፋተኛው በአንደበቱ ጥፋቱን መናገሩና መታረቁ ነው። ሆሊውድ ይህን መጨረሻ ቢያገኘው ሄሊኮፕተር ይጨምርበት ነበር።

ሰሞኑን ይህንን ሁሉ ለአንድ ባጃጅ ነጂ ጓደኛዬ አስረድቼ፣ የ«ሰው ለሰው»ን የመጀመሪያ ክፍሎች በስልኩ እንዲያይ አስማልኩት። ተራ እየጠበቀ ማየት ጀመረ። በማግስቱ ሲቀላ ላይ «ወራጅ አለ» ያለችውን ሴት ሳይሰማት ዳገቱን ሽቅብ ሴቻ ድረስ ይዟት ወጣ፤ ገዳዩን ሲያስብ ነበር። ሴትዮዋ የሰደበችውን ስድብ እንኳ በቅጡ አልሰማም። ማታ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ ሰውዬው ምንም ሳያደርግ አስፈራኝ።»

ደስ አለኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል፣

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ» አለኝ። «ያቺ የሚሄድባት መኪና ስንተኛው ክፍል ላይ ነው የምትፈነዳው?»