ሆድ ያልፈጀው ብር

በጌዴኦ ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር ዲላ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከይርጋጨፌ፣ ከወናጎ፣ ከኮቸሬና ከገደብ የሚመጡ አይሱዙዎች መንገዱን ይሞሉታል። ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለው ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ባንክ ሁሉ ሰው በሰው ይሆናል። ዓመቱን በዱቤ የኖረ ገበሬ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ለልጁ ጫማ የሚገዛው፣ ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብሰው ያኔ ነው። ሌባም ይህን ወቅት ያውቃል። ድሮ መናኸሪያ ቆሞ ነበር የሚጠብቀው፤ ቢያንስ ፊቱ ይታይ ነበር። የዛሬው ሌባ ግን ዲላን በዓይኑ አይቷት ላያውቅ ይችላል።

አክስቴ መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል፤ እኔም እንደዚያው። አንድ ቀን ጎራ ስል መደርደሪያው ሳስቶ አየሁት። ስኳር የለም፣ ዘይት የለም፣ ሳሙናው አልቋል። በቡና ወቅት እትዬ ሱቅ ዕቃ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። ስጠይቃት "አከፋፋዩ ዘግይቶ ነው" አለችኝ። አከፋፋዩ ግን አልዘገየም፤ የሚከፈለው ብር ነው የጠፋው። ነገሩን የነገረችኝ ብዙ ከለመንኳት በኋላ፣ ያውም የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ነው።

ስልኳ ላይ ብር ገባ የሚል መልእክት ደረሳት። አጻጻፉ ባንኩ ከሚልከው ጋር አንድ ነው፤ የብሩን መጠን ይናገራል፣ ቀሪ ሂሳብም ይጠቅሳል። የሚለየው በላኪው ብቻ ነበር፤ ባንኩ በአጭር ስሙ ሲልክ ይሄ የመጣው ከተራ የሞባይል ቁጥር ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው እያለቀሰ ደወለ። "እናቴ፣ ልጄ ሆስፒታል ተኝታብኛለች። ለመድኃኒት የተላከልኝን ብር ተሳስቼ ወደ እርስዎ አስገባሁት። ስለ ጌታ ብለው ይመልሱልኝ።" እትዬ በሰው ልጅ ሕመም የምትጨክን ሴት አይደለችም። 7,400 ብር ከራሷ ሂሳብ ላከችለት። የገባ ብር እንዳልነበረ ያወቀችው አከፋፋዩን ልትከፍል ስትል ነው።

ይህ ሰው የዘረፈው ደግነቷን ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በሐሰት ሎተሪ የሚመጣው ቢያንስ የሰውን ጉጉት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው ግን የታመመ ልጅ ስም ጠርቶ መጣ።

"ለማን ነገርሽ?" አልኳት።

"ለማን ልንገር? በዚህ ዕድሜዬ በስልክ ተታለልኩ ብዬ ሰው ፊት ልቁም? ሆድ ይፍጀው።"

ሆዷ ያንን ነገር ለቀናት ሲፈጀው ከርሟል። በዚያው ጠዋት ባጃጅ አስጠርቼ ሱቋን አስዘጋኋት፤ እያጉረመረመች ተከተለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መንከራተት ነው። ባንክ ሄድን፤ ሲስተም የለም ተባለ። ሲስተሙ ሲመጣ ወጣቷ ሠራተኛ እትዬን በአክብሮት አስቀምጣ አዳመጠቻትና "እማማ፣ ያለ ፖሊስ ደብዳቤ የሌላ ሰው ሂሳብ መንካት አንችልም" አለቻት። ፖሊስ ጣቢያ ሄድን፤ በር ላይ ያገኘነው ሰው ደግሞ በፈቃድሽ የላክሽው ብር ስለሆነ ከባንኩ ጋር ጨርሺ አላት። ዝናቡ መጣ። መልእክቱን በወረቀት ለማሳተም የገባንበት ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ጠፋበት። እትዬ ነጠላዋን እየጨመቀች "አላልኩህም?" ትለኛለች። ከሰረቃት ሰው ይልቅ በዚያ ቀን ያደከማት ከደጅ ደጅ መላኩ ይመስለኛል። ሰው ለምን አያመለክትም ብለው የሚገረሙ ሁሉ አንዲት ሱቋን የዘጋች ሴት ይዘው ይህን መንገድ ይሂዱት።

"በፈቃድሽ" የምትለዋ ቃል ግን አላስቀመጠችኝም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በሐሰተኛ መረጃ ወይም ማንነቱን በመለወጥ ሰውን አሳስቶ ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ያደረገ በአንቀጽ 10 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ተታሎ የሰጠ ሰው ፈቅዶ ሰጠ አይባልም፤ የማታለል ወንጀል ትርጉሙ ራሱ ይህ ነው። ያው አዋጅ አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት ተቋማት በሚያስተዳድሩት ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ ለፖሊስ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። እትዬን ግን አያስገድዳትም። እሷ የምትመጣው በራሷ ፈቃድ፣ እፍረቷን ተሸክማ ነው። ስለዚህ የመጣችን ሴት ከበር የሚመልስ ሰው ከሌባው ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል ብዬ አምናለሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ዝናቡን ስንጠብቅ እትዬ የዩኒቨርሲቲዎቹን ልጆች አነሳችብኝ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተናግቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ብር ሲያወጣ፣ ወሬው በየካምፓሱ እንደ ሰደድ እሳት ነበር የተዛመተው፤ የኛው ዲላ ዩኒቨርሲቲም ስሙ ተነስቷል። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ተናግሯል። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ የራሱ ሥርዓት ችግር ነው። ሆኖም ማን ስንት እንደወሰደ በስም ታወቀ፤ አብዛኛው ብር ተመለሰ፣ ያልመለሱት ፎቷቸው ተለጠፈ። "የባንክ ሲሆን እንዲህ ይገኛል፤ የኔ ሲሆን ይጠፋል" አለች እትዬ። የምመልስላት ነበረኝ። ባንኩ ያገኘው በዚያው ቀን ስለጮኸ ነው። በስልክና በባንክ የሚደረግ ሁሉ አሻራ ይተዋል፤ አዋጁም የግንኙነት አሻራ ለአንድ ዓመት ተጠብቆ እንዲቆይ ያዛል። አሻራውን ፈልጉ የሚል አመልካች ከሌለ ግን ዓመቱ ያልቃል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና የአሜሪካኖቹን ልጨምር። የፌዴራል ምርመራ ቢሮው፣ ኤፍቢአይ የሚባለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ የሚቀበል ማዕከል አለው። በ2024 ብቻ 859,532 አቤቱታ ደርሶታል፤ ሰዎቹ አጣን ያሉት 16.6 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከሁሉ ብዙ የተጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት፣ የእትዬ እኩዮች ናቸው። የተማረውና ቴክኖሎጂ የሞላበት አገር ይህን ያህል ከተታለለ፣ አንዲት የዲላ ባለሱቅ አንገቷን የምትደፋበት ምክንያት የለም። ደግሞም እዚያ ቶሎ ያመለከተ ይጠቀማል፤ በ2023 ማዕከሉ በአስቸኳይ እንዲታገድ ከጠየቀው 758 ሚሊዮን ዶላር 538 ሚሊዮኑን በየባንኩ ማስያዝ ችሏል።

ከስልኩ ወዲያ ያለውም ሰው ሁልጊዜ የምናስበው አይደለም። የካቲት 5 ቀን 2017 በማይናማር ድንበር ከማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሥራ አለ ተብለው ወደዚያ የተወሰዱ፣ በዱላ እየተገደዱ የማያውቁትን ሰው በስልክ እንዲያታልሉ የተደረጉ የእናት ልጆች ናቸው። በቴሌግራም የሚለቀቀው የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያም ስለዚህ ዝም ብለው የሚያልፉት ነገር አይደለም።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ፖሊስ ተመለስን። ዕድል ሆነና ከሰዓት በኋላ የገባው መርማሪ ሌላ ሰው ነበር። እትዬን ወንበር ሰጣት። የሷ አፍ መፍቻ ጌዴኡፋ ነው፤ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። እሱም ይህን አይቶ በጌዴኡፋ ጠየቃት፣ ቃሏንም ቀስ ብሎ ጻፈ። የደወለውን ቁጥር፣ የመልእክቱን ሰዓት፣ ብሩ የገባበትን ሂሳብ። መልእክቱን እንዳታጠፋው፣ ቁጥሩንም ደውላ እንዳትሰድበው አጥብቆ ነገራት። ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በ933 በነፃ ደውሎ ማሳወቅ እንደሚቻልም የነገረን እሱ ነው።

ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ ከኋላችን ወረፋ የያዘ አንድ ቡና አቅራቢ ብድግ አለ። "ቆይ፣ የመጨረሻዎቹን ድገማቸው።" ስልኩን አውጥቶ አሳየን፤ ያው ቁጥር፣ ያው መልእክት፣ የታመመው ሰው ብቻ ልጅ መሆኑ ቀርቶ አባት ሆኗል። እሱ የተታለለው በዚያው ጠዋት ነው። እትዬ ዞር ብላ አየችው፤ ኮት የለበሰ፣ በሚሊዮን የሚነግድ ሰው። "አንተም?" አለችው። ከዚያ ወዲያ ድምጿ ተለወጠ፤ የረሳችውን ሁሉ እያስታወሰች ለመርማሪው ትጨምርለት ጀመር።

ደብዳቤው ለባንኩ ተጻፈ። የአቅራቢው ብር የተላከበት ሂሳብ ውስጥ ገና አልተነካም ነበርና ታገደለት። የእትዬ 7,400 ብር ግን በላከችው ዕለት ማታ ከሌላ ከተማ ኤቲኤም ወጥቷል፤ እስካሁን አልተመለሰም። ሂሳቡ የተከፈተበት ስም የአንድ ወጣት ነው፤ ኤቲኤም ካርዱን ለማያውቀው ሰው በትንሽ ብር እንደሸጠ ለፖሊስ ተናግሯል። ካርዱን የገዛው አልተያዘም።

ስንመለስ እትዬ ሱቋን ሳትከፍት በቀጥታ ወደ ጎረቤቶቿ ገባች። ጨርቅ የምትሸጠው ሴት፣ ከሷ ቀጥሎ ያለችው እንቁላል ነጋዴ፣ ሁለቱም ለባሎቻቸው እንኳ ያልተናገሩት ተመሳሳይ ጉዳይ ነበራቸው። በማግስቱ ይዛቸው ሄደች። እኔን አልጠራችኝም። ጌዴኡፋ የሚናገረው መርማሪ የሚገባው ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ታውቃለችና ጠዋት ሱቋን ሠርታ፣ ከምሳ በኋላ ነው ያስነሳቻቸው። መዝገቡ አሁን የአራት ሰው ቃል ይዟል፤ እትዬም ፍርድ ቤት ከተጠራች ለመመስከር ስሟን አስመዝግባለች።