ዱቤ ነገ ነው

በስማዳ ወረዳዋ ከተማ በወገዳ «ዱቤ የለም» ብሎ ያልለጠፈ ሱቅ አላውቅም። ዱቤ የማይሰጥ ሱቅም አላውቅም። አንዱ በካርቶን ቁራጭ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ነው» ይላል። ሌላው «በዱቤ ወዳጅ አጥቻለሁ» ብሎ ያላዝናል። ሦስተኛው ነገሩን ወደ ሃይማኖት ወስዶ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ግርጌ ስለለጠፈው ዱቤ ጠያቂው መጀመሪያ ይሳለማል፣ ቀጥሎ ያፍራል፣ ከዚያ በኋላ ይጠይቃል። ማስታወቂያው ለመንገደኛ ነው። ከነፋስ መውጫ ወይም ከመካነ ኢየሱስ በመጣ መኪና ወርዶ ውኃ የሚገዛ ሰው ያንብበው። የአገሩ ሰው ዓይን የሚሄደው ከሚዛኑ ጎን ወደተጋደመው ደብተር ነው።

እኔ ደንበኛ የሆንሁበት ሱቅ ባለቤት ሴት ናት። ታላቄ ስለሆነች «እታለም» እላታለሁ። እሷ «መምህር» ትለኛለች፤ ሒሳቡ ሲቆይባት «መምህርዬ» እሆናለሁ። ደብተሯ ለሒሳብ መዝገብ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራሙ ነው። እስክርቢቶው እንዳይሰረቅ በሲባጎ ከምስማር ጋር ታስሯል፤ ሲባጎው ስላጠረ ግን የገጹ ግርጌ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ የሰኞ ዕዳ በማክሰኞ ዕዳ ውስጥ ይታያል። ጸሐፊው 6ኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ነው። ሒሳብ የማስተምረው ደግሞ እኔው ነኝ። መደመር በደንብ እንደገባው በየወሩ መጨረሻ ከደብተሩ አረጋግጣለሁ፤ መቀነስ ላይ ገና ብዙ ይቀረዋል።

በዚህ ደብተር ላይ የክርስትናም የአባትም ስም ቦታ የለውም። መምህሩ ብዙ፣ ነርሱ ብዙ፣ ፖሊሱ ብዙ ስለሆነ ልጁ በምልክት ነው የሚለየን። «ረጅሙ ፖሊስ»፣ «ቀጭኗ ነርስ»፣ «ባለሞተሩ ግብርና»። አንድ ባልደረባዬ «መነጽር» ተብሎ ተመዝግቧል፤ መነጽሩ ተሰብሮ ከተወው ቆይቷል፣ ዕዳው ግን በመነጽሩ ስም ይሄዳል። እኔ «መምህር ስኳር» ነኝ። ለጸባዬ እንዳይመስላችሁ።

የመክፈያ ቀንም አይጻፍም። የሚጻፈው ምክንያት ነው። በእኔ አንጻር «ደመወዝ» ተብሏል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ የወረደው ጎበዝ አንጻር «ሰሊጥ» ይላል። የአንዲት እናት «ሴፍቲኔት» ነው፤ የእኛዋ ስማዳም ጎረቤቶቿ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንትም ከመጀመሪያው ጀምሮ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ስለሆኑ ይህ ቃል ከደብተሩ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። «ድንች» የተጻፈበትም አለ፤ ድንቹ ሲሸጥ ማለት ነው። ባንክ ይህን የመሰለ ቅጽ ቢኖረው ኖሮ ግማሹ አገር በተበደረ ነበር።

ዱቤን ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ጳጉሜንን ይኑራት። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የ12 ወር ነው፣ የአገራችን ዓመት ግን 13 ወር አለው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ «የ13 ወር ፀጋ» ያሏት እውነታቸውን ነው፤ ለ13ኛው ወር ፀጋ ማን እንደሚከፍል ግን አልነገሩንም። የነሐሴ ደመወዝ ገና ጳጉሜን ሳይገባ ተበልቷል፣ የመስከረሙ 30 ቀን ቀርቶታል፣ መካከል ላይ ዘመን መለወጫ ከነዶሮው ተደንቅሯል፣ ከኋላው የልጆች ደብተር ተሰልፏል። በየ4 ዓመቱ ደግሞ 5ቱ ቀን አልበቃ ብሎ 6ኛ ትጨመርበታለች። ያን ጊዜ በመንግሥትና በሠራተኛው መካከል ገብታ አገር የምታቆመው እታለም ናት። ወለድ አትጠይቅም፣ ውል አታስፈርምም፣ የ3 ወር የባንክ መግለጫ አምጣ አትልም። «ልጁ ይጻፍህ» ነው የምትለው።

ይህን ቨርጂኒያ ላለው ያክስቴ ልጅ በስልክ ሳጫውተው «እኛም እኮ አለን» አለኝ። ትልቅ የልብስ መደብር ገብቶ ጃኬት አንሥቶ ሊከፍል ሲል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «የእኛን ካርድ አሁን ብታወጣ 20 በመቶ እንቀንስልሃለን» አለችው። ጋይንቴ ቅናሽ ሲሉት ዝም አይልም። መታወቂያውን ሰጠ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ዱቤ ተፈቀደለት። እስከዚህ ድረስ ከእታለም ይልቅ የአሜሪካዪቱ እጅ ፈታ ያለ መሰለኝ።

ከዚያ ሌላውን ነገረኝ። ካርዱ የሚሠራው እዚያው መደብር ብቻ ነው። ዕዳው በቀኑ ካልተጠናቀቀ ወለዱ በዓመት ወደ 30 በመቶ ይጠጋል፤ በሌላ ሱቅ የሚሠራው ተራው የባንክ ካርድ እንኳ ከዚህ ያንሳል። «ለ6 ወር ያለ ወለድ» የሚል ግብዣ አንዳንዴ ይመጣል፤ በ6ኛው ወር መጨረሻ ጥቂት ዶላር ከቀረች ግን ዕቃውን ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ያለው ወለድ በሙሉ ተደምሮ ይመጣብሃል። ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ዕዳህን በወቅቱ እየከፈልህ ከቆየህ ስምህ ይጠራል፣ በዚያ ስም ቆይቶ መኪናም ቤትም በተሻለ ወለድ ይገኛል። ዕቃ በተገዛ ቁጥር ነጥብ ይሰጣሉ፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ቅናሽ ይሆናል፣ ቅናሹን ለመጠቀም ደግሞ ተመልሰህ ትገዛለህ።

«ጃኬቱስ?» አልሁት።

«ዚፑ ተበላሽቷል። ወለዱ ግን ይሠራል።»

እኛም ዘንድ ነጥብ አለ፤ ምርቃት ይባላል። ደመወዝ በወጣ ማግስት ሙሉ ሒሳቤን ስዘጋ እታለም አንድ ክብሪት ትመርቅልኛለች። ልጁ ገጹን ከጥግ እስከ ጥግ በኤክስ ይሰርዘዋል፣ በዚያው ቀን ማታ ቀጣዩ ገጽ ይከፈታል። ምርቃቱን ይዤ የምወጣው በአዲስ ዱቤ ከወሰድሁት ስኳር ጋር ነው።

እንግዲህ ወለድ የለውም ብዬ ካወደስሁት በኋላ አንድ ነገር መደበቅ ነውር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ወገዳ ዶላር የሚመነዝር ሰው ባይኖርም ዘይቱ ወሬውን ሰምቶ ነበር። በዚያ ክረምት ደብተሩ ላይ አንድ ለውጥ አየሁ፤ ልጁ ዋጋ መጻፍ ትቷል። «ዘይት 1፣ ስኳር 2፣ ሳሙና 1» ብቻ። የቤት ሥራ ሆኖ ቢመጣልኝ ከፊሉን ማርክ እቀንስለት ነበር። ወሩ አልቆ ልከፍል ስሄድ ዘይቱ የተቆጠረው በከፈልሁበት ቀን ዋጋ እንጂ በወሰድሁበት ቀን ዋጋ አልነበረም።

«እታለም፣ ስወስደው እኮ ዋጋው ይህ አልነበረም።»

«የወሰድኸው ዘይት ነው ብር?»

«ዘይት።»

«እንግዲያው ዘይቴን መልስልኝ። ብሩ ይቅርብኝ።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ የሚባለውን ኮርስ ወስጃለሁ፣ ይህን የሚመልስ ነገር ግን አላስተማሩኝም። ነገሩን ሳስበው እውነት አላት። እሷ ደብረ ታቦር ሄዳ መደርደሪያዋን የምትሞላው በአዲሱ ዋጋ ነው። በድሮው ብትቀበለኝ ኖሮ የእኔን ወጥ የምታቁላላው እሷ ነበረች። ቢሆንም በዚያ ወር የያክስቴ ልጅ 30 በመቶ ያን ያህል አላስደነገጠኝም።

ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው ግን መታሰሩ ነው፤ እዚህ ላይ መደብሩም እታለምም አንድ ናቸው። ከማዶ ያለው ሱቅ ስኳር በጥቂት ብር ይረክሳል፣ አውቀዋለሁ፣ ግን በእጄ ገንዘብ ኖሮ እንኳ እዚያ ለመግዛት ድፍረት ይጠይቃል። ዕዳ ያለበት ሰው በጥሬ ገንዘብ ሌላ ቤት ሲገዛ መታየት ማለት በወገዳ ትርጉሙ ከባድ ነው። ስለዚህ የማዶውን ስኳር ጋቢ ውስጥ ከትቼ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞሬ እገባለሁ። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ስለ ክፍልፋይ ሳስረዳ ጸሐፊው እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ እማዬ ስኳር አልቆበት ይሆን ወይ ብላ ጠይቀው አለችኝ።» 40 ተማሪ ዞሮ ያየኛል።

ያክስቴ ልጅ «ኮምፒውተሩ ምን እንደምገዛ ሁሉ ያውቃል» ብሎ ሲያማርር እስቃለሁ። ኮምፒውተሩ «ዱቄትና እንቁላል ወሰድህ፣ እንግዳ ማን መጣብህ?» ይላል? ሩዝና ለስላሳ ብቻ የወሰድሁ ጊዜ እታለም ሆዴን እንደታመምሁ ተረድታ ማታ በልጇ እጅ ጤና አዳም ልካልኛለች። በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላል የሚወስድ ካለ ደብተሩ ላይ አለ፣ ነገር ግን ሲነገር አልሰማሁም፤ ይህ ምሥጢር ጠባቂነት የባንክ ሳይሆን የነፍስ አባት ነው። አንድ ጊዜም ልጁ «ስኳር 2» ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ይዛ «አንድ በለው፣ አብዝቶታል» አለች። ዕዳ እንዳያበዛ ደንበኛውን የሚከለክል አበዳሪ ከየት ይገኛል? ቢሆንም ያን ሳምንት ሻዬን ሳማርር ነው የሰነበትሁት።

አሁን አሁን ዱቤው ወደ ስልክ እየገባ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ክረምት ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለ አነስተኛ ብድርና «እንደኪሴ» የተባለ፣ ሒሳብ ሲያጥር የሚሞላ አገልግሎት አመጣ። ዳሸን ቆየት ብሎ «ዱቤ አለ» አለ፤ ዕቃውን ዛሬ ትወስዳለህ፣ ክፍያውን በወራት ትከፋፍለዋለህ። ዕድሜ ልኩን «ዱቤ የለም» ሲያነብ ለኖረ ሕዝብ ስሙ ብቻውን አብዮት ነው። ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለሶፋ ደግ ነገር ይመስለኛል፤ አንዲት ክብሪት ግን በዚያ መንገድ አትመጣም። ስልኩ ብድሬን የሚወስነው ስንት ብር እንደላክሁና እንደተቀበልሁ አይቶ ነው። እኔ ደግሞ የምልከው ጥቂት፣ የምቀበለው ከዚያ የባሰ ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ ደግሞ ዘይት የጠጣው ደብተር ለአንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠም።

ሕጉም አላስታወሰንም ማለት አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ያኔ 500 ብር ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ አንድ ጀሪካን ዘይት ሳትሞላ ታልቃለች። ወለድም በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሏል፤ ይህን ለያክስቴ ልጅ ስነግረው ለጊዜው አገሩ ናፈቀው። ዱቤ ሽያጭ ነው እንጂ ብድር አይደለም ብሎ የሚሟገተኝ ጠበቃ አይጠፋም። ይምጣና እታለምን ይሟገት፣ ዘይቷን ይመልስላት።

እታለም ከሕግ ይልቅ የምትፈራው የዝውውር ደብዳቤ ነው። መምህር ወረዳ ሲቀይር ክሊራንስ ይሞላል፤ ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል። የሱቅ ፊርማ ግን ቅጹ ላይ የለም፣ ይህ የትምህርት ሥርዓቱ ትልቅ ጉድለት ነው። ስለዚህ እሷ የራሷን መንገድ አበጅታለች፤ የማን ዝውውር እንደጸደቀ ከባለቤቱ ቀድማ ትሰማለች። አንዱ ባልደረባችን መዛወሩን ያወቀው ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሳይሆን «መምህርዬ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» ስትለው ነበር።

ዘንድሮ አዲስ የፊዚክስ መምህር ተመድቦልናል። ልጅ እግር ነው፣ ከተማ ያደገ። የመጀመሪያ ደመወዙ ገና ስላልተስተካከለ እታለም ዘንድ ይዤው ሄድሁ። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዋስህ ማን ነው?»

አዲሱ መምህር ዞሮ አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። እታለም ለልጇ «ጻፍ» አለችው። እሱም ሲባጎውን ሳበና በእኔው ገጽ ላይ፣ ከእኔው ስኳር ሥር፣ «ፊዚክስ፣ ዋስ ስኳር» ብሎ አሰፈረ።

የፊዚክሱ መምህር ወጥ መሥራት አይችልም። በሰርዲን ነው የሚኖረው። እኔም ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ጎራ እያልሁ በአካባቢው ስለሚበቅለው ድንች ጥቅም አስረዳዋለሁ።