ሃያ አምስት ለገደለ ኒውክሌር ምርቃት

በጅቡቲ ከተማ የካርቲየ 5 ሰፈር ልጆች ጦርነት ክፉ መሆኑን ሳይማሩ ቢያድጉ ጥፋቱ የቪዲዮ ጨዋታው የኮል ኦፍ ዲዩቲ አይደለም። እሱማ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሞደርን ዋርፌር፣ በታሪኩ ክፍል ኒውክሌር ይፈነዳል። ተጫዋቹ ሲመራው የቆየው ሳጅን ጃክሰን ከተከሰከሰው ሄሊኮፕተር በደረቱ ተስቦ ይወጣል፤ ጥቂት ተንገዳግዶ ይወድቃል፤ ይሞታል። የሚተኮስበት ጠላት የለም፤ የሚያድን ቁልፍም የለም። ከዚህ ወዲያ ምን ስብከት ይምጣ?

ከሁለት ዓመት በኋላ ሞደርን ዋርፌር 2 ሲመጣ ግን አዘጋጆቹ የኒውክሌርን አስከፊነት ጠንቅቀው ስላወቁ ለሽልማት አዋሉት። በፉክክሩ ክፍል ሳይሞት በተከታታይ ሃያ አምስት ለገደለ ጎበዝ ቦምቡ ይመረቅለታል። አሥር ሰከንድ ይቆጠራል፤ ጠሪውን ጨምሮ ሁሉም ያልቃል፤ የጠሪው ቡድንም አሸናፊ ይባላል። ድሉን የሚያከብር ሰው አለመትረፉ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሞደርን ዋርፌርም የእናቱ ልጅ ነው። ፋራህ የምትባል ሕፃን ከመርዝ ጋዝ ስትሸሽ አሳይቶ አንጀታችንን ይበላል። እንባችንን ጠርገን ወደ ፉክክሩ ስንገባ ደግሞ፣ አሥር ለገደለ የሚያቃጥል ነጭ ፎስፎረስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ!

ካርቲየ 5 ጨዋታ ቤት ውስጥ ደግሞ ሂሳቡ በሰዓት ነው። ቬንቲሌተሩ ሙቅ አየር ያማስላል፤ ተረኛው ጆይስቲኩን ሊነጥቅ የተጫዋቹ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል። እዚህ ጃክሰን በደረቱ እስኪሳብ የሚታገስ ማን ነው? ለሐዘን የሚተርፍ ፍራንክ የለም። ስብከቱ ይዘለላል፣ ሽልማቱ ይቀራል።

በሞደርን ዋርፌር 2 ልጁ አምስት ሲገድል ከድሮን የሚተኮስ ፕሬዴተር ሚሳይል ያገኛል። ለነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ የእውነቶቹ የአሜሪካ ድሮኖች እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ሻቤሌ አየር ማረፊያ እስኪዛወሩ ድረስ የሚነሱት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ካምፕ ለሞኒየ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ በእነዚያ የተመታ ሰው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሌላ ጥግ ላይ ተነስቶ አይሮጥም።

ፉክክር ይቅር ያለ የለም። ልጅ ግን የሚይዘው የተመከረውን ሳይሆን የተሸለመበትን ነው። ስለዚህ እናንተ አዘጋጆች፣ ወይ ሽልማቱን አንሱ፣ ወይ ከስብከታችሁ አሳርፉን።