ስለ ግርጌ ቡድኖች ቀዳሚ መብት ከቦንጋ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከጎጀብ ወዲህም ያለህ፣ ከጎጀብ ማዶም ያለህ! ቡና ለቃሚ፣ ቀፎ ሰቃይ፣ ኮረሪማ ነጋዴ፣ ባለባጃጅ፣ የዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ከፍለህ ቦታ አጥተህ በር ላይ ቆመህ የምታይ ሁሉ! ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነውና ጠጋ በል።

እኛ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተጣበን የምንቀመጥ፣ አንድም ቀን ሳናሰለጥን ከአሰልጣኝ የምናውቅ፣ ማንም ያልሾመን፣ ስለዚህም ማንም ሊሽረን የማይችል የቦንጋና የአካባቢዋ ደጋፊዎች፤

የቡና መገኛ ካፋ ሆኖ ሳለ «ቡና» የሚለውን ስም ደረቱ ላይ ይዞ የሚጫወተው ታላቅ ክለብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ የተቀመጠ በመሆኑ፤ በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣም እኛ እዚህ ድምፃችን እስኪዘጋ ከመጨፈር በቀር በዋንጫው ላይ ድርሻ ያልነበረን በመሆኑ፤

የራሳችን ካፋ ቡና ደግሞ ከፍተኛ ሊግ በሚባል፣ ስሙ ከፍተኛ እርከኑ ግን ሁለተኛ በሆነ ሊግ ሲታገል የኖረ በመሆኑ፤

ክረምት በመጣ ቁጥር «የዝውውር መስኮት ተከፈተ» ሲባል በዚያ መስኮት ወደ እኛ የሚገባው ብርድ፣ ከእኛ የሚወጣው ተጫዋች ብቻ በመሆኑ፤

በባሕር ማዶ መጨረሻ የወጣ ቡድን መጀመሪያ የሚመርጥበት ድራፍት የሚባል ሥርዓት እንዳለ ሰምተን እንቅልፍ ስላጣን፤ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የግርጌ ቡድኖች አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ተሸንፎ በሚመለስ ቡድን አውቶቡስ ውስጥ ግን ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ «ድራፍት» ማለት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት፣ ተራውም ከደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ የሚጀምርበት ሥርዓት ነው። በብርጭቆ የሚቀዳው በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ አዋጁ በተረቀቀበት ምሽት ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ግን አንክድም።

«ደጋፊ» ማለት ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» የሚል ሰው ነው።

«ተንታኝ» ማለት ከእኛ ጋር የማይስማማ ሰው ነው።

አንቀጽ 3፤ የአዋጁ መነሻ

ይህን ሕግ እኛ የፈጠርነው እንዳይመስላችሁ። በርት ቤል የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ የፊላደልፊያ ኢግልስ ቡድን ባለቤት። የሚጫወቱት በእጅ የሚያዘውን፣ እንቁላል የመሰለውን ኳስ ነው፤ እግር ኳስ ብለው መጥራታቸውን እግዜር ይቅር ይበላቸው። የቤል ቡድን ሽንፈት ለምዷል፤ ጎበዝ ጎበዙ ተጫዋች ብር ወዳለበት ይሄዳል። ሰውዬው ምን አደረገ? በ1935 እ.ኤ.አ. ለሌሎቹ ባለቤቶች «ከእንግዲህ መጨረሻ የወጣ መጀመሪያ ይምረጥ» የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ተቀበሉት። በዚያ ዓመት መጨረሻ የወጣው ማን ሆነ? የእሱው ቡድን። እኛ ከበርት ቤል በምን እናንሳለን?

በዓመቱ ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሆቴል ተሰብስበው 90 ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ኢግልስም የመጀመሪያውን ምርጫ አነሣ፤ ጄይ በርዋንገር፣ የኮሌጅ ኮከብ። ልጁ በደመወዝ አልተስማማም። መብቱ ለቺካጎ ቤርስ ተላለፈ፤ ከእነሱም አልተስማማም። በሊጉ አንዲት ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት የስፖንጅ ሻጭ ሆኖ አረፈው። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዱ «ታዲያ ሥርዓቱ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ቢል ተቆጥተን አስቀመጥነው። ማን እንደሚመጣ በኋላ ይታያል፤ ቁም ነገሩ መጀመሪያ መምረጡ ነው።

አንቀጽ 4፤ «ይህ የባዕድ ሥርዓት ነው» ለሚል የሚሰጥ መልስ

በዚህች አገር ድራፍት ያልደረሰበት ማን አለ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባው ሲወጣ ከታች ያሰፈረው ይደርሰዋል። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ቤተሰብ ካርታ ይዘረጋል፣ እናት «ልጄን ጫካ ወሰዱብኝ» ብላ ታለቅሳለች፤ ልጁ ግን የመጀመሪያው መንፈቅ ሳያልቅ ማሩን ቀምሶ ለእረፍት እንኳ ለመሄድ ያንገራግራል። ሐኪም ተመርቆ ዕጣ ሲያወጣ፣ ዕጣው ባደረሰው ወረዳ ሄዶ ሲያክም ኖሯል። ሰው የሚያድን ሐኪም በዕጣ ከተመደበ፣ ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ኳሷን ወደ ሰማይ የሚሰድድ አጥቂ በምን ሒሳብ ነው «ጉዳዩን ከወኪሌ ጋር ተነጋገሩ» የሚለው?

ልጆቻችን ደግሞ በዚህ ነገር ከበርት ቤልም ይበልጣሉ። ሲቧደኑ ተመልከቱ። ሁለት አባቶች ይቆማሉ። በጨዋታ አቻ የሆኑ ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ራቅ ይላሉ፤ ይንሾካሾካሉ፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ነብር ይሆንና ሳቃቸውን አፍነው ይመለሳሉ። «አንበሳ ወይስ ነብር?» ተረኛው አባት ማን ማን እንደሆነ ሳያውቅ «ነብር!» ይላል፤ ነብሩ ሄዶ ከኋላው ይቆማል። አለቀ። ወኪል የለ፣ የፊርማ ብር የለ፣ ማሊያ ወድሮ «የልጅነት ሕልሜ ነበር» እያሉ ፎቶ መነሣት የለ። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ ኳሱ የእሱ የሆነው ልጅ ሳይመረጥ ይገባል፣ ያውም አጥቂ ሆኖ፤ ሲከፋውም ኳሱን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሊጋችንን በቅርብ ለሚከታተል ሰው ይህ ልጅ እንግዳ አይደለም።

አንቀጽ 5፤ የምርጫ ተራ

መጀመሪያ የሚመርጠው ግርጌ ያለው ቡድን ነው። እዚህ ላይ ሕግ እንዳነበበ የነገረን አንድ ሰው «ካፋ ቡናን ከፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ አሳዩኝ እስቲ፤ ግርጌ ለመሆንም እኮ መጀመሪያ መግባት አለበት» አለ። ጉዳዩን መረመርነው። በሰንጠረዡ ላይ ስሙ የሌለ ቡድን ከግርጌው በታች ያለ በመሆኑ፣ የግርጌው ግርጌ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ ይመርጣል። ሰውዬው ከጉባኤው ወጥቷል።

ቻምፒዮኑ መጨረሻ ይመርጣል። ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በዓመቱ ዋንጫ መብላት እንደሚቻል ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. አሳይቶናል፤ በ2017 ዋንጫውን የወሰደው ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ነው። ከዚህ የተረዳነው ዋንጫ ለመብላት ወይ ማበደር ወይ ዋስ መሆን እንደሚያስፈልግ ነው። እኛ ሁለቱንም አንችልም። ያለን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌርነት የመዘገበው ጫካ ነው። ጫካውን ለአጥቂ ፊርማ በመያዣነት ማቅረብ በዚህ አዋጅ ተከልክሏል፤ የተከለከለው ሐሳቡ ስለቀረበ ነው።

አንቀጽ 6፤ ስለ በር ጥበቃና ስለ ውሰት

የጥንት የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ቦይ አጥረው፣ በየመግቢያው በር አቁመው ገቢና ወጪውን ይቆጣጠሩ ነበር። በዚህ ልማድ መሠረት ጎጀብ ድልድይ ላይ ኬላ ይቋቋማል። ጠባቂው በአይሱዙ የተጫነውን ቡና ብቻ ሳይሆን ከጆንያው መሀል የተኛውን የክንፍ ተጫዋች ይፈትሻል። «አክስቴን ልጠይቅ ጅማ እየሄድኩ ነው» የሚል ሁሉ ቦርሳው ይከፈት፤ ታኬታ ጫማ ከተገኘበት አክስቱ እሱን ለመጠየቅ እዚህ ይምጡ።

ውሰትን በተመለከተ ከታሪክ የተማርነው አለ። የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. ከተማረኩ በኋላ ዘውዳቸው በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ እጅ አውሮፓ ገባ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን አዲስ አበባ ነው። በዝውውር ቋንቋ ብንናገረው፣ በውሰት ሄዶ ለሌላ ክለብ የተመለሰብን የመጀመሪያ ንብረታችን ያ ዘውድ ነው። ስለሆነም በውሰት የሚሰጥ ተጫዋች የሚመለስበት ከተማ ስም በውሉ ላይ በጉልህ፣ በሦስት ምስክር ፊት ይጻፍ።

አንቀጽ 7፤ ደመወዝና አበል

ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛው በላይ ያለው ሒሳብ ልክ ሆኖ ከጠረጴዛው ሥር ብዙ ነገር ያልፋል እየተባለ ይታማል። ሐሜቱን ለመቅረፍ ጠረጴዛ ታግዷል። ውል የሚፈረመው ረከቦት ዙሪያ፣ በበርጩማ ላይ ነው። በአቦል ደመወዝ ይነሣል፣ በቶና የውሉ ዘመን፣ በበረካ ፊርማ። በረካ ሳይጠጣ የተነሣ ተጫዋች ውሉ አይጸናም።

ጎል ላገባ አንድ የቦንጋ በግ ይሰጠዋል። በራሱ ጎል ላይ ያገባ ደግሞ የባልደረቦቹን በጎች ያግዳል።

አንቀጽ 8፤ ሆን ብሎ መሸነፍ

ቀዳሚ ምርጫ ለማግኘት ሲባል ሆን ብሎ መሸነፍ ክልክል ነው። አሜሪካኖች በቅርጫት ኳሳቸው ይህ ነገር ቢያሰጋቸው ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕጣ አስገብተዋል። እኛ ዕጣ አያስፈልገንም። ቡድናችን ሲሸነፍ ሆን ብሎ እንዳልሆነ ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

አንቀጽ 9፤ ደጋፊ ምርጫውን የሚቀበልበት ሥነ ሥርዓት

በ1999 እ.ኤ.አ. የዚያው የፊላደልፊያ ቡድን ደጋፊዎች ኒው ዮርክ ድረስ ተጉዘው፣ ቡድናቸው በሁለተኛ ተራ ዶኖቫን ማክናብን ሲመርጥ አዳራሹን በጩኸት ቀወጡት። የፈለጉት ሪኪ ዊሊያምስን ነበር። ልጁ ገና ማሊያውን ሳይለብስ ተጮኸበት! ያ ማክናብ በኋላ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል ፍጻሜ አበቃው፤ እርግጥ ተሸነፉ። ቋንቋቸውን ባንሰማም እነዚህ ሰዎች ሥጋ ዘመዶቻችን ናቸው።

ስለዚህ በእኛም ዘንድ ተመራጩ ስሙ ከተጠራበት ቅጽበት ጀምሮ «ይሄ ነው እንዴ?» ማለት የደጋፊ መብት ነው። ስሙ ሳይጠራ ማለት ግን ነውር ነው፤ ቢያንስ ይጠራ። ተመራጩ የሰፈራችን ልጅ ሆኖ ቢያገባ «እኛ ነን ያሳደግነው» ይባላል፤ ቢስት «እናቱ እኮ ከጎጀብ ማዶ ናቸው» ይባላል። በጭቃ ተንሸራቶ ኳስ ያመለጠው ተጫዋች ሰበቡ የሚደመጠው ተወልዶ ያደገው ደረቅ አገር ከሆነ ብቻ ነው። ቦንጋ አድጎ በጭቃ የሚያመካኝ ሁለተኛ እንዳይመረጥ።

ለይግባኝም ሰሚ ሰይመናል። የአውሮፓ ዝውውር በሚዘጋበት ሌሊት አንድ ወንድማችን ክለቡ ያስፈረመውን የብራዚል ልጅ በስልኩ ለአንዲት ደቂቃ አይቶ «ይሄ አይረባም፣ ገንዘባችንን በሉት» አለ። ቡና የምታፈላልን እመቤት ሲኒ እያለቀለቀች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «አንተን ማን መርጦህ ያውቃል ወንድምዬ?» አለችው። እስከ ቶና ድረስ ድምፁ አልተሰማም። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የመጨረሻው ችሎት እሷ ናት። ውሳኔዋም በሲኒ ጠርዝ ላይ የተጻፈ ያህል የጸና ይሆናል።

አንቀጽ 10፤ የመጀመሪያው ምርጫ

አዋጁ በሚወጣበት ዕለት ካፋ ቡና መጀመሪያ የሚመርጠው ተጫዋች ስም በአባሪው ላይ እንዲሰፍር ታቅዶ ነበር። ግማሾቻችን አጥቂ አልን። ግማሾቻችን «ጎል የሚገባብን በረኛ ስለሌለን ነው፤ በረኛ ይምጣ» አልን። ከበሩ አጠገብ ያሉት፣ በረኛም አጥቂም የሚሆን ሰው ይፈለግ አሉ። አንዱ የወንድሙን ልጅ ስም አስገባ፤ ሌላው የራሱን። የመረጣ ኮሚቴ እናቋቁም ተባለ፤ ተቋቋመ፤ በሰብሳቢው ላይ ተጣላን። በመጨረሻም ነገሩ ወደ ይግባኝ ሰሚዋ ቀርቦ እሷ ከሰል ልትገዛ ሄዳ ስለነበር አባሪው ባዶ ገጽ ሆኖ ታትሟል።

ስሙ እስኪገኝ ድረስ ማንኛውም ክለብ፣ ባንክም ሆነ መድን፣ ከእኛ በፊት እንዳይመርጥ አዘናል።