ሄዶ የቀረ፦ በወረቀት መጽሐፍና በማንበቢያ መሣሪያ ላይ የተደረገ ንጽጽራዊ ጥናት

የወረቀት መጽሐፍ ይሻላል ወይስ የኤሌክትሮኒክስ ማንበቢያ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ የተካሄደው ያለ መለኪያ ነው። የወረቀቱ ወገን ሽታ ያነሳል፤ አዲስ መጽሐፍ ገልጦ አፍንጫውን መሐሉ ይከትና ዓይኑን ይጨፍናል። በተጨፈነ ዓይን እንዴት እንደሚነበብ ግን አላብራራም። የመሣሪያው ወገን በበኩሉ ሺህ መጽሐፍ በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ይናገራል፤ ከሺው ስንቱን ጨረስክ ሲሉት ባትሪው ያልቅበታል። ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት ነገር አለ። በእኛ አገር መጽሐፍ የሚታተመው እንዲነበብ ብቻ ሳይሆን በውሰት እንዲሄድ ጭምር ነው። ሳይነበብ በውሰት የሄደ መጽሐፍ ሞልቷል፤ ተነብቦ፣ ተወዶ፣ ከቤት ያልወጣ መጽሐፍ ግን አጥኚውን አላጋጠመውም። ስለዚህ ይህ ጥናት አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዞ ተነስቷል፦ ከሁለቱ፣ አንድ ጊዜ ደጅ ከረገጠ የማይመለሰው የትኛው ነው?

ጥናቱ የተካሄደው አዲስ አበባ፣ በአንድ ሳሎን፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ነው። አጥኚው በጀት አልጠየቀም፤ ባለቤቱም የሚሰጠው በጀት እንደሌለ አስቀድማ አሳውቃዋለች። ዋናው የመረጃ ምንጭ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ክፍተቶች ናቸው። ክፍተት ስንል ቀድሞ መጽሐፍ የቆመበት፣ ዛሬ ግራና ቀኙ ያሉት መጻሕፍት ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው እርስ በርስ የተደጋገፉበት ቦታ ማለት ነው። በክፍተቱ ውስጥ ከተጠራቀመው አቧራ ውፍረት ውሰቱ የተፈጸመበትን ዘመን መገመት ይቻላል። ዘዴው ከካርቦን ልኬት በእጅጉ ይረክሳል።

ትልቁ ክፍተት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉን የወሰደው የጎረቤታችን ልጅ ሲሆን ያን ጊዜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የወሰደውም «እስከ ቅዳሜ» ብሎ ነው። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ስምምነቱ አይገልጽም። ዛሬ ልጁ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ጢም አብቅሏል።

ውሰት የራሱ ሥርዓት አለው። ተዋሹ መጀመሪያ ወደ መደርደሪያው የሚጠጋው ቡና እስኪፈላ ነው። አንዱን ይመዝዝና «እንዴ! ይህ አለህ እንዴ?» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው «ገለጥ ገለጥ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚለው መሐላ ነው። በሁለተኛው ወር «ጀምሬዋለሁ» ይላል፤ በስድስተኛው «ባለቤቴ ይዛው ነው»፤ በሁለተኛው ዓመት «እኔ ነኝ እንዴ የወሰድኩት?»። በሦስተኛው ዓመት የመጽሐፉን ባለቤት መንገድ ላይ አስቁሞ አንድ ግሩም መጽሐፍ እንዲያነብ ይመክረዋል፤ ታዲያ አውሰኝ ሲለው ሰው ስለማይመልስ ማዋስ እንዳቆመ በሐዘን ይነግረዋል። በዚህ ሁሉ መሐል ባለቤቱ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። የተበደሩትን ብር መልሱ ማለት መብት ነው፤ የተዋሱትን መጽሐፍ መልሱ ማለት ግን ስስት ነው። ይሉኝታ ባይኖር ኖሮ የአገራችን የግል ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ሙሉ በሆኑ ነበር።

ቀደምት ጸሐፊዎቻችን ይህን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ፍየል አርደው፣ ቆዳውን ወጥረውና ፍቀው፣ ጥቁሩን ቀለም ለጽሑፉ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ለይተው፣ ወራት ደክመው መጽሐፍ ሲጨርሱ የመጨረሻው ቅጠል ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያኖራሉ፦ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። የዛሬ አምራቾች ፋይል እንዳይገለበጥ የሚያደርጉበት ቁልፍ ከዚህ የተለየ ሐሳብ የለውም፤ የሚለየው በጥንካሬው ነው። የፋይሉን ቁልፍ አንድ ነቄ ተማሪ ባንድ ሌሊት ይፈታዋል። ውግዘት ግን ያለ ካህን አይፈታም። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል በካርቦን ልኬት ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ እዚያው ገዳሙ ውስጥ ይገኛል። ሌላ ሰው ይህን በቆዳው ጥራትና በአየሩ ድርቀት ያስረዳ ይሆናል። አጥኚው ግን መነኮሳቱ «እስከ ቅዳሜ» የሚል እንግዳ ስላላስገቡ ነው ይላል።

ግባ ያልተባለ እንግዳ የመጣበት ጊዜም አለ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የሰበሰበውን ለማውረድ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉት ይነገራል። ከዚያ ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በሥነ ውሰት ታሪክ በዝሆን የተጫነ ሌላ ውሰት አይታወቅም፤ ተዋሹም መቼ እንደሚመልስ ቀን አልቆረጠም። የሆነው ሆኖ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ይሉኝታን ወደ ጎን ትተው በ1864 ዓ.ም ክብረ ነገሥት ይመለስልን ብለው ጻፉ፤ ተመለሰም። ከዚህ የምንረዳው ጠይቆ ማስመለስ እንደሚቻል ነው፤ ጠያቂው ግን ንጉሠ ነገሥት መሆን አለበት። የቀሩት እዚያው ቀሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛሬ ብራናዎቹን የያዘው ብሪቲሽ ላይብረሪ አንዳንዶቹን ፎቶ እያነሳ በኢንተርኔት ለቋል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ የአያቶቹን መጽሐፍ በአውራ ጣቱ መግለጥ ይችላል። ቆዳው ለንደን ነው፣ ምስሉ እኛ ዘንድ ነው። ዋናውስ ብሎ ለሚጠይቅ፣ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቆ እንደሚገኝ ይነገረዋል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ኪንድል የተባለው ማንበቢያ ለገበያ የቀረበው እኛ አዲሱን ሚሊኒየም ተቀብለን ብዙም ሳንቆይ፣ ኅዳር 2000 ዓ.ም ሲሆን ዋጋው 399 ዶላር ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተሸጦ አለቀ። ገጹ ላይ ዓይን የማይገቡ እንክብሎች አሉ፤ በውስጣቸው ነጭና ጥቁር ብናኝ ይዋኛል፤ ኤሌክትሪክ የጠራው ብናኝ ወደ ላይ ይወጣና ፊደል ይሆናል። ገጹ ኃይል የሚበላው ሲገለጥ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ገልጦ እንቅልፍ ለሚወስደው አንባቢ፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ ባትሪው ዘላለማዊ ነው ማለት ይቻላል።

ከመሣሪያው ታሪክ ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ግን ሐምሌ 2001 ዓ.ም የሆነው ነው። አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና ስለ እንስሳቱ እርሻ የጻፈውን መጽሐፍ፣ የኅትመት መብት በሌለው ሻጭ የቀረቡ ሆነው ስላገኛቸው፣ ከገዢዎች መሣሪያ ላይ በርቀት ሰርዞ ገንዘባቸውን መለሰ። ሰዎች ሲነቁ መጽሐፉ የለም። ዓለም ጮኸ፤ የኩባንያው ኃላፊም ይቅርታ ጠየቀ። ከሁሉም መጽሐፎች መርጦ ታላቁ ወንድም ሁሉን የሚያይበትን መጽሐፍ ማጥፋቱ ብዙ ተብሎበታል፤ አጥኚው የገረመው ሌላ ነው። የሰው ልጅ መጽሐፍ ማዋስ ከጀመረ ወዲህ ከቤት የወጡ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ፣ ያለ ልመናና ያለ ኩርፊያ፣ ወደ አዋሻቸው ሲመለሱ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ገዢዎቹ ገዛን ብለው ነበር፤ ለካ ተውሰው ኖሯል። ይሉኝታ የሌለው አዋሽ ምን ማድረግ እንደሚችል ታየ። አጥኚው ይህን ካነበበ በኋላ ለረጅም ደቂቃ በቅናት ወደ መደርደሪያው ተመልክቷል።

ለተግባራዊ ሙከራ እንዲህ ያለ አንድ መሣሪያ አስፈልጎ ነበር። የአጥኚው የእህት ልጅ ከዋሽንግተን ዲሲ ስትመጣ፣ የምርት ስሙ እዚህ የማይጠቀስ አንድ አሮጌ ማንበቢያ ይዛለት መጣች። የግዕዝ ፊደል ከዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፣ ከዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መሣሪያው ግን ወሬው አልደረሰውም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ምዕራፍ በጽሑፍ ፋይል ሲያስገቡበት ገጹን ከዳር እስከ ዳር በባዶ ሣጥን ሞላው። ሣጥን፣ ሣጥን፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሣጥን። ከርዕሱ የመጀመሪያው ቃል ባይታይም የመጨረሻው በሚገባ ተወክሏል። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲገባበት ግን ያለ ችግር ተነበበ፤ ከጎረቤትም አንዱ ወደደውና አውሰኝ አለ። እዚህ ላይ የመሣሪያው መሠረታዊ ጉድለት ተገለጠ። አንድ መጽሐፍ ለማዋስ ቤተ መጻሕፍቱን በሙሉ፣ ቻርጀሩን ጨምሮ፣ አስታቅፎ መስደድ ያስፈልጋል። ይህ ውሰት ሳይሆን ጥሎሽ ነው።

በመሠረቱ የአማርኛ አንባቢ እውነተኛ ማንበቢያ መሣሪያ ስልኩ ነው፤ መደርደሪያውም ቴሌግራም። መጽሐፉ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሣል፤ በየገጹ ጥግ ያንሺው አውራ ጣት ይታያል፤ ታሪኩ በጋለበት ቦታ ሁለት ገጽ ይጎድላል። ሕጉ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም ነውና «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በነፃ ማሰራጨት የሚቻለው ከ2046 ዓ.ም በኋላ ነው። ፒዲኤፍ አሰራጮቻችን ቀኑን የሳቱት በትንሹ ነው። በሕይወት ያለ ደራሲ ደግሞ ይባስ አለበት፤ አንባቢው ሰርግ ቤት ያገኘውና እጁን ጨብጦ «መጽሐፍህን በቴሌግራም አንብቤ አለቀስኩ» ይለዋል። ደራሲውም አብሮት ያለቅሳል፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል። የሆነ ሆኖ ፒዲኤፍ በውሰት ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል፦ አዋሹ ሳይጎድልበት ተዋሹ ይሞላለታል፤ የሚጎድልበት ሦስተኛ ወገን ነው።

ሌሎች መለኪያዎችም ባጭሩ ታይተዋል። ዳዊት ትራስጌ ሲደረግ ክፉ መንፈስን ያርቃል፤ ስልክ ትራስጌ ሲደረግ ይግላል። ያረጀ መጽሐፍ ለቆሎ መጠቅለያ ይሆናል፤ ያረጀ ማንበቢያ ለዚህ አይመችም። መብራት ሲጠፋ ወረቀት በሻማ ይነበባል፤ ኩራዝ የሚባል አሳታሚ ድርጅት ነበረን፣ በቻርጀር ስም የተቋቋመ ግን እስካሁን የለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ደግሞ ሰዉ ሬዲዮ ያለበትን ሳሎን ተዋሰ፤ ሲያልቅ ወደየቤቱ ገባ። እስካሁን ከታዩት ውሰቶች በሰዓቱ የተመለሰው ይህ ብቻ ነው።

አጥኚው የውጤት ሰንጠረዡን ከሠራ በኋላ ቦታ ያጣላቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው በ1975 ዓ.ም የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ሰው እጅ የገባው በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ማታ ተወስዶ ጠዋት እየተመለሰ ከቤት ወደ ቤት ዞረ። «እስከ ቅዳሜ» ያለ አልነበረም። ሁለተኛው የነቢይ መኮንን ነው። ነቢይ ከ1000 ገጽ በላይ የሆነውን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በደርግ እስር ቤት፣ 3000 ያህል የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ቁርጥራጮቹ ከሚፈቱ እስረኞች ጋር፣ በፓኮ ውስጥ ተደብቀው፣ ጥቂት በጥቂት ወጡ። ሲፈታ ሰዎቹን ቤት ለቤት እየዞረ መፈለግ ነበረበት። የሰጡትም መልሰውለታል፤ ባይመልሱለት መጽሐፉ አይታተምም ነበር። ቢያዝ የሚያሳስር ወረቀት በሰው ሁሉ እጅ ወጥቶ ተመልሶ ሲሰበሰብ፣ በሕጋዊ መንገድ ከመደርደሪያ የተነሣ መጽሐፍ ሦስት ቤት አልፎ ለምን እንደሚቀር ይህ ጥናት ማብራሪያ የለውም።

ሥራውን ለመዝጋት የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ መጀመሪያ ብቅ የሚልበትን ገጽ ማረጋገጥ። አጥኚው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ክፍተቱን ተመለከተ፤ አቧራውን በጣቱ ለካ። ከዚያ ይሉኝታውን ዋጥ አድርጎ ለጎረቤታችን ልጅ ደወለ።

«ውይ ጋሼ! እርስዎ ምን አስቸገረዎት፤ አሁኑኑ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ» አለ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ። ፋይሉ ሲከፈት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአጥኚው ስም አለ፤ በአጥኚው እጅ የተጻፈ፣ መጽሐፉ ከተገዛበት ቀን ጋር። ከጎኑ ገጹን የያዘ አውራ ጣት ይታያል። ከሥሩ የተቀመጠው የተመልካች ቁጥር አጥኚው ዕድሜ ልኩን ካዋሰው ሰው ሁሉ ይበልጣል። ልጁ ዋናውስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቆ እንደሚገኝ አረጋግጧል።