ወራጅ አለ!

የሆሳዕና ባጃጅ «ወራጅ አለ!» ሲባል ባሉት ቦታ አይቆምም። ነጂው ይሰማል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ አልፎ ይቆማል። ቅር ካላችሁ «ችግር የለም ጋሼ!» ብሎ የኋሊት ይለቀዋል። ማለፉንስ ለምጄዋለሁ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ የኋሊት አመጣጡ ነው። ወደ ፊት ሲሄድ ጨዋ የነበረው ባጃጅ የኋሊት ሲጣደፍ መሪውን ነካ ቢያደርጉት አፍንጫው ወደ ጎን ይወረወራል፤ አንዲት ሙዝ ሻጭ ዘንቢሏን ይዛ ትዘላለች።

ነገሩ የክብደት ነው። የኋሊት ሲሄድ ሁለቱ ጎማዎች ይቀድማሉ፣ ክብደቱ ከኋላቸው ይከተላል፣ ነጠላዋ ጎማ ጭራ ትሆናለች። ከኋላ የሚገፋ ክብደት ደግሞ አጋጣሚ ካገኘ ፊተኛውን ዞሮ መቅደም ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ ሰዎች ይህንን አውቀው፣ ወደው፣ አውሮፕላን አድርገውታል። በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውና ጣሊያን ወስዶ በ2024 የመለሳት «ፀሐይ» ጭራዋን መሬት ላይ አሳርፋ፣ ደረቷን ነፍታ ነበር የምትቆመው። አየር መንገዳችን በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ የበረረባቸው ሲ-47ዎችም ሦስተኛው ጎማቸው ከጭራ ሥር ነው። አውሮፕላን በጓሯቸው ከሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም ይህንኑ አይለቁም፦ ይቀላል፣ ሻካራ ሜዳ ይችላል፣ ፕሮፔለሩም ከጠጠሩ ይርቃል።

ማረፉ ላይ ግን ጉድ አለ። አንዱ አብራሪ መሪውን እየሳበ፣ እየሳበ፣ መሬት ሊነካ ሲል አየሩ ክንፉን እንዲከዳው አድርጎ ሦስቱንም ጎማ ባንዴ ያስቀምጣል። ሌላው ጭራውን አንሥቶ በፊተኞቹ ሁለት ይነካል። የትኛው ይሻላል ቢሏቸው እስኪመሽ ይጨቃጨቃሉ። የሚስማሙት በእግር ነገር ነው፤ ፔዳሉን ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ። ትንሽ ቢዘገዩ ጭራው ዞሮ ይመጣል፣ ክንፉ መሬት ይጭራል። የሠራው ሰው ከዚያ በኋላ ወራቱን የሚፈጀው የፊት ጎማዎቹ ትይዩ መሆናቸውን በክር ሲለካ፣ የጭራ ጎማዋን ስፕሪንግ ሲያጠብቅና ሲያላላ ነው። ለዚህ ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም።

አቶ አስመላሽ ዘፈሩን ታስታውሳላችሁ። ለአብራሪነት አንዲት ሴንቲ ሜትር አጠረ ተብሎ የተመለሰው ሰው በቮልስ ሞተር የራሱን አውሮፕላን ሠራ፤ በእናቱ በኪሮስ ስምና በፈጀበት 570 ቀን ኬ-570ኤ አለው። ወሬው ሲነሣ ሁላችንም የጠየቅነው «በረረ ወይ?» ብለን ነበር። «ሲመለስስ በምን ያርፋል?» ያለ ሰው አልሰማሁም።

እዚህ እኛ ዘንድም ያው ነው፤ እዚህ ላይ ግን መቀለድ ያቅተኛል። ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሸኛል። መሬት ይሸጣል፣ በሬ ይሸጣል፣ ደላላው ገንዘቡን ይቆጥራል። የት ያርፋል? በየትኛው ድንበር፣ በማን እጅ፣ በየትኛው የጭነት መኪና ሆድ ውስጥ? «ችግር የለም» ይላል ደላላው። መነሻ ብቻ የሚሸጥ ሰው! የማረፊያውን ሒሳብ ለእናትየዋ ትቶላት ይሄዳል፤ ሲያገኘን ሰላም እንለዋለን፣ ቡና እንጋብዘዋለን።

ባጃጅ ነጂው ምን አደረገ ታዲያ? ቢያልፍም ተመልሶ ይመጣል። ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ በሳሳ አየር ላይ አውሮፕላንም ቢሆን ከለመደው በላይ ፈጥኖ ነው መሬት የሚነካው። ነጂውም ይህንኑ ሰበብ ቢያቀርብ እቀበለው ነበር፣ ምንም እንኳ ባጃጁ ባይበርም።

ይህንን ሁሉ ለአንድ የዱራሜ ወዳጄ ብዘረግፍለት፣ «የሐምበሪቾን ተራራ 777 ደረጃ ወጥተህ ስትወርድ ጉልበትህን ጠይቀው» አለኝ። ጉልበቴን ተውትና፣ ያንን ሁሉ ደረጃ ማን ይሆን የቆጠረው? ደግሞስ የቆጠረው ሲወጣ ነው ወይስ ሲወርድ?