ነገ ሂያጅ ለሆኑት የናፍጣ እንግዳ

ለ፦ በደቡብ ሱዳን የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ተልዕኮ
ጁባ

ጉዳዩ፦ ስለ ጄኔሬተርዎ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ተልዕኮ ሆይ፣

በጁላይ 2011 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓመት ብለው መጡ። ዛሬም ለአንድ ዓመት ነዎት። የጸጥታው ምክር ቤት በየዓመቱ ያድስልዎታል፤ እርስዎም ሻንጣዎን ሳይፈቱ ይከርማሉ። ሃያ ዓመት የሚያገለግል የፀሐይ ፓነል ለመትከል የረጅም ጊዜ ውል መፈረም ቢከብድዎ አንፈርድም፤ ነገ ሂያጅ ነዎት።

ጄኔሬተርዎ የሚጠጣው ናፍጣ ግን ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም። ሞምባሳ ላይ በቦቴ ይጫናል፤ ኬንያንና ዩጋንዳን አቋርጦ በኒሙሌ ይገባል፤ ከጁባ ደግሞ በነጭ ዓባይ ወደ ሰሜን ይጓዛል። የገዛ ድፍድፍ ዘይቷን በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን የምትሸኝ አገር ናፍጣ ከውጭ ትሸምታለች፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። በመንገዱም በወንዙም ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገበ ጎበዝ አለ። አመላላሹ ነጋዴ ካልከፈለ አያልፍም። ክፍያው ጥይት ይሆናል፣ ጥይቱ ሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርቱ ጄኔሬተሩ ባበራው ኮምፒውተር ይጻፋል። ዙሩ እንዴት ያምራል!

በዲሴምበር 2013 ጦርነቱ ሲፈነዳ በርዎን ከፍተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ማስጠለልዎ አይካድም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ግን እስቲ ከአጥርዎ ማዶ ይመልከቱ። ባለሱቁ ቆርቆሮው ላይ አንዲት ፓነል አጋድሞ፣ ከባንኮኒው ሥር የመኪና ባትሪ ሸጉጦ፣ የሠፈሩን ስልክ በሂሳብ ቻርጅ ያደርጋል። የምክር ቤት ውሳኔ አልጠበቀም። በማላካል ከተማም ጎረቤትዎ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በ2020 ለረድኤት ሠራተኞች ግቢ 700 ኪሎዋት የፀሐይ ኃይል ተክሏል። ኒው ዮርክ ያሉት አለቆችዎም በ2030 ከምንጠቀመው ኤሌክትሪክ 80 በመቶው ታዳሽ ይሆናል ብለው በዕቅድ አስፍረዋል። ዕቅዱን የያዘው ደብዳቤ እስካሁን ቦቴው ላይ ይሆን?

ልመናችን ትንሽ ናት። የፀሐይ ኃይሉን እዚያው ካለ አምራች በውል ይግዙ፤ እርስዎን የመሰለ ከፋይ ደንበኛ ካለው ባንክም ብድር አይነፍገውም። የተረፈው ኃይል ለከተማው ክሊኒክና ለውሃ ፓምፑ ይድረስ። የሄዱ ዕለት ጄኔሬተሩ ተጭኖ ይሄዳል፤ ፓነሉ ግን ለከተማው ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጎረቤት አገር ታዛቢ

ግልባጭ፦
በነጭ ዓባይ ዳርቻ ለሚገኙ የኬላ ኃላፊዎች (ገቢያቸው ሊቀንስ ስለሚችል አስቀድመው እንዲያውቁት)